ዓሣው ሳይቆረጥ ይወቁት

ዓሣ ለሕፃናት ሰውነት ግንባታ ከሥጋና ከእንቁላል የማያንስ ገንቢ ምግብ መሆኑን የማታውቅ የቤት እመቤት ዛሬ ብዙ አትገኝም። ይሁን እንጂ ዓሣ ልትገዛ ወደ መደብር ጎራ የምትል እናት ሁሉ የተመዘነላትን ዓሣ በዓይነቱ ለይታ ታውቃለች ለማለት ያስቸግራል። ገበያው የሚያቀርብላት አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላቱ የተጣለ፣ ቆዳው የተገፈፈ፣ አጥንቱ የወጣ ፊሌቶ ነው። ዓሣው አንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነ ማንነቱን በዓይን መለየት አዳጋች ነው።

«ታዲያ ዓሣ ዓሣ ነው፤ መለየቱ ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። በመጀመሪያ ደረጃ የልጅዎን ጉሮሮ ከአጥንት ይጠብቃል፤ ሁለተኛ በአንዱ ዓሣ ዋጋ ሌላው እንዳይሸጥልዎ ይረዳል፤ ሦስተኛም ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይበሉ ቤተሰቦች ሳያውቁ እንዳይበሉ ያደርጋል።

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል በተባለው የሐይቅ ዳርቻ፣ ጠዋት ጠዋት ጀልባዎች የሌሊቱን ምርት ይዘው ይደርሳሉ። የሚጣለውን ፍርፋሪ የሚጠባበቁት አባ ኮዳዎች ከሰው ጋር ተደባልቀው ይቆማሉ። በዚህ ስፍራ ዓሣው ገና ከነሙሉ አካሉ በመሆኑ ዓይነቶቹን ለይቶ ለማወቅ ከትምህርት ቤት የበለጠ ነው።

በብዛት የሚታየው ቆሮሶ ነው። ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከጣና ሐይቆችም ይወጣል። ሰውነቱ ከጎንና ከጎን ጠፍጣፋ ሲሆን በቅርፊት የተሸፈነ ነው። በጀርባው ላይ ያለው ረጅም ክንፍ ከፊቱ በኩል እሾህ አለው፤ ጭራውን ዘርግተው ቢያዩት ደግሞ ቁልቁል የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። ጢም የለውም።

አምባዛን ለመለየት ብዙ አያስቸግርም። ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ያሙለጨልጫል፤ ራሱ ሰፊና ድፍጥጥ ያለ ነው፤ በአፉ ዙሪያም 8 ጢሞች አሉት። ከውኃ ወጥቶ ብዙ ሰዓት በሕይወት ሊቆይ የሚችለው አየር የሚስብበት ተጨማሪ መተንፈሻ ስላለው ነው። ሥጋው ገንቢ ነው፤ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ በሌላ ዓሣ ስም ሊሸጥ ስለሚችል መጠንቀቅ ያሻል።

ሦስተኛው ቢልጫ ነው። የሚያብረቀርቅ ትልልቅ ቅርፊትና እንደ መንታ የተከፈለ ጭራ ሲኖረው፣ በአፉ ጥግና ጥግ 4 ትንንሽ ጢሞች አሉት። እናቶች በተለይ ማወቅ የሚገባቸው ይህን ዓሣ ነው፤ ምክንያቱም በሥጋው መካከል እንደ መርፌ የቀጠኑ ብዙ አጥንቶች ተሰግስገዋል። ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች እንዲሁ ጠብሶ ከመስጠት ይልቅ አጥንቱን በጥንቃቄ ለቅሞ ማውጣትና ሥጋውን አድቅቆ ማብሰል ይሻላል።

ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች የሚመጣው ነጭ ዓሣ ደግሞ አፈ ሰፊና ግዙፍ ነው፤ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሊገኝ ይችላል። ሥጋው ወፍራምና ነጭ ነው። በጣና አካባቢ ግን «ነጭ ዓሣ» ሲባል የቢልጫን ዘመዶች ማለት ስለሆነ፣ በስሙ ብቻ ሳይወሰኑ ከየትኛው ሐይቅ እንደመጣ ነጋዴውን ይጠይቁ።

እንግዲህ በተቻለ መጠን ዓሣውን ሙሉውን ይግዙና ፊትዎ ያስቆርጡት። ከአንድ ቆሮሶ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው የክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ወደ ቤት ቢወስዱ ጥሩ ሾርባ ይወጣዋል። ፊሌቶ መግዛት ግድ ከሆነብዎ ከቆዳው ጥቂት እንዲተውልዎ አስቀድመው ይዘዙ። የቅርፊቱ ምልክት በቆዳው ላይ ስለሚቀር ከአምባዛ ለመለየት ይረዳዎታል።

ትኩስነቱንም ይመርምሩ። የትኩስ ዓሣ ዓይን የጠራና ጎላ ያለ ነው። የጉንጩን ክዳን ገልጠው ሲያዩ መተንፈሻው ደማቅ ቀይ መሆን አለበት። ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ መተንፈሻው የጠቆረና ሽታው የከበደ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም አይግዙት። ከሥራ ሲመለሱ የሚሸምቱ ከሆነ ዓሣውን ከሌላው አስቤዛ ሁሉ በኋላ ይግዙ፤ በዚያው ዕለትም ያብስሉት። ጥሬ ዓሣ መብላት ለጥገኛ ትሎች ስለሚያጋልጥ በተለይ ለልጆች በሚገባ መብሰል ይኖርበታል።

በመጨረሻም ስለ ዓሣው መጠን ማሰብ ይገባል። እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏን የምታሳድገው በአፏ ውስጥ ነው። እስኪፈለፈሉና ራሳቸውን እስኪችሉ ምግብ ሳትበላ ማለት ይቻላል ይዛቸው ትቆያለች፤ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ልጆቿ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንደዚህ የምትደክመውን እናት አንድም ጊዜ ሳትወልድ በጠባብ መረብ ማውጣት የነገን ምግብ ዛሬ መጨረስ ነው። ከልክ ያለፈ ማስገር ምን እንደሚያስከትል በጫሞ ሐይቅ ታይቷል፤ የነጭ ዓሣና የቆሮሶ ምርት እዚያ በእጅጉ ቀንሷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የተደነገገውም ይህን ሀብት በሥርዓት ለመጠቀም ነው።

ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ሐይቁን አይጠብቅም። ነጋዴው የሚያመጣው ገዢ የሚወስድለትን ነው። በተለይ በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ሲበዛና ገበያው ሲሟሟቅ፣ ከእጅዎ መዳፍና ጣት ርዝመት ያነሰ ቆሮሶ ሲቀርብልዎ «ይህ ገና ልጅ ነው፤ ትልቁን አምጣልኝ» ይበሉት። ብዙ እናቶች ደጋግመው እንዲህ ካሉት ወሬው በነጋዴው በኩል አስጋሪው ዘንድ መድረሱ አይቀርም።