የሻለቃው ጥንድ ጠመንጃ

እንግሊዛዊቷ ሄለን ሲሞንሰን በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ «የሻለቃ ፔቲግሩ የመጨረሻ ትግል» ይባላል። ሻለቃው የ68 ዓመት ጡረተኛ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተውባቸው በሱሴክስ ገጠር ብቻቸውን ይኖራሉ። ወንድማቸው በርቲ ይሞታል፤ የመንደሩ ባለሱቅ ወይዘሮ አሊ፣ እሳቸውም ባል የሞተባቸው፣ የሻይና የመጽሐፍ ወዳጃቸው ይሆናሉ። ይህን ብቻ ይዘው «የሽማግሌ ፍቅር ነው» እያሉ መጽሐፉን የሚያቃልሉ ሰዎች ያናድዱኛል። አንድ ወዳጄ አውሼው ሲመልስልኝ «ጥሩ ነው፣ ጠመንጃው ግን በዛ» አለኝ። የመጽሐፉ አከርካሪ እኮ ጠመንጃው ነው!

የአደን ጠመንጃዎቹ ሁለት ናቸው፤ የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ የቸርችል ቤት ሥራ። የሻለቃው አባት ህንድ ሳሉ የአንድን ማሃራጃ ሚስት ከአጥቂዎች ስላዳኑ የተሸለሟቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ጥንድ ለጌጥ አይሠራም። በእንግሊዝ መኳንንት አደን ወፎቹን ሰዎች እየቀሰቀሱ ወደ ተኳሹ ይነዱለታል፤ እሱ በአንዱ ሲተኩስ ከጎኑ የቆመው ረዳት ሌላውን ያጎርስለታል። ስለዚህ ክብደታቸውም ሰደፋቸውም አንድ መሆን አለበት፤ እጅ ልዩነቱን ካወቀ ወፉ አመለጠ። ጥንዱ ሳይነጣጠል ሲሸጥ ከሁለት ነጠላ ጠመንጃ በእጅጉ የሚበልጥ ዋጋ የሚያወጣውም ለዚህ ነው።

አባትየው ግን ለሁለቱ ልጆቻቸው አንድ አንድ ሰጡ፤ አንዱ ሲሞት ጥንዱ ዳግም እንዲገናኝም ተናዘዙ። ውርስ ወንድማማቾችን ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ቀሪውን ይገምታል። የበርቲ ሚስት ማርጆሪ ይሸጥ ትላለች። ለንደን የገንዘብ ሥራ ላይ ያለው የሻለቃው ልጅ ሮጀር ድርሻውን ያሰላል። በመንደሩ መሬት ላይ ቤት ሊያስገነባ ያሰበው አሜሪካዊው ፈርጉሰን ጥንዱን ለመግዛት ያሰፈስፋል። ሻለቃው ሁሉንም በልባቸው ይንቃሉ። የሲሞንሰን ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ በወንድማቸው ቀብር ቀን የእሳቸውም ልብ ጠመንጃው ጋ ነበር። ጉጉታቸው «የአባቴ ቃል» የሚል ካባ ስለደረበ ግን ስስት መሆኑ አይታያቸውም። ልጃቸውን የሚገስጹበት አንደበት ሁሉ ወደ ራሳቸው ይዞራል።

 

አደን አልወድም ብላችሁ የዳክዬ አደኑን ምዕራፍ እንዳትዘሉ። ሻለቃው ጥንዱን ይዘው በመኳንንቱ ፊት ለመታየት ሲጓጉ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ዳክዬዎቹን ለማዳን እየሮጡ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ አንብቡት።