ጥርስ ከመነቀሉ በፊት፦ የጥርስ ሐኪም ስለ መላው ሰውነት ሕመም ለምን ይማራል?

በገጠር ጥርሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ ቅርንፉድ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይይዝበታል። ሕመሙ አልታገሥ ሲለው ጥርስ ነቃይ ይፈልጋል። ነቃዩ የሚያየው አንድ ጥርስ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥን የጥርስ ሐኪም ግን ጉጠት ከመጨበጡ አስቀድሞ ጠቅላላ ፓቶሎጂ የተባለ ትምህርት ይወስዳል። ስለ ደም፣ ስለ ቁስልና ስለ ዕጢ መማር ጥርስ ለሚያክም ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ፓቶሎጂ ወይም ሥነ ደዌ በሽታ ከምን እንደሚነሣና በሰውነት ላይ ምን ለውጥ እንደሚያስከትል የሚያጠና ሳይንስ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ በ1858 ባሳተመው ሥራ የበሽታ መነሻ ሕዋስ መሆኑን አስረድቷል፤ ትምህርቱም እስከ ዛሬ በዚህ መሠረት ላይ ቆሟል። ጠቅላላ የተባለው ክፍል ለሁሉም የአካል ክፍሎች የጋራ የሆኑ ሂደቶችን ያስተምራል። እነዚህም የሕዋስ መጎዳትና መሞት፣ ብግነት፣ የቁስል መዳን፣ የደም መርጋት መታወክ እና ዕጢ ናቸው። የአፍ በሽታዎችን ለይቶ የሚመለከተው ትምህርት ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

ሕመም ሲጠፋ ሁልጊዜ ድኅነት አይደለም

ለአብነት ብግነትን እንመልከት። እሾህ የወጋው እግር ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ቆዳው ለማበጥ ቦታ አለው። ነርቭና የደም ሥር የሚገኙበት የጥርስ ውስጠኛ ክፍል ግን በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ነው። በብግነት ጊዜ ከደም ሥር የሚወጣው ፈሳሽ መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ እንቅልፍ የሚነሣውም ሕመም ከዚህ ይመጣል።

ከቀናት በኋላ ሕመሙ በድንገት ጋብ ሊል ይችላል። ታማሚው ተሻለኝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሥነ ደዌ የተማረ ሐኪም ግን ነርቩ ሞቶ፣ ኢንፌክሽኑም ወደ አጥንቱ እየዘለቀ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራል። ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ከተስፋፋ የአየር ቧንቧን ዘግቶ ሊገድል ይችላል።

በሽታው የጥርስ ባይሆንስ?

ግብርና ያጠና ሰው ይህን በማሳ ያውቀዋል። በዋልካ አፈር ላይ ውኃ ሲተኛ የስንዴው ቅጠል ቢጫ ይሆናል። ችግሩ ግን አየር ባጣው ሥር ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ውኃውን ማንጣፈፍ ነው። አፍም እንደዚያ ቅጠል ነው፤ ከሌላ ቦታ የተነሣ ሕመም ይታይበታል። ድድ አብጦ ያለማቋረጥ ሲደማ ምክንያቱ የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ጥርስ የተነቀለበት ቁስል አልድን ሲል ያልታወቀ የስኳር ሕመም ሊኖር ይችላል።

የልጆች ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ በ1958 በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ፣ ጥርስን የሚያነቃንቅ ዕጢ መኖሩን ጽፏል። ይህ ካንሰር እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ በወቅቱ ከተደረሰበት ግን ለመድኃኒት ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። የተነቃነቀውን ጥርስ ብቻ ነቅሎ ልጁን ወደ ቤት መስደድ ያንን ጊዜ ማባከን ነው።

ኖማም እንዲሁ ነው። በምግብ እጥረት በተጎዱ ሕፃናት ድድ ላይ እንደ ተራ ቁስል ጀምሮ ጉንጭና መንጋጋን ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ታማሚዎች ይገድላል። በጅማሬው ከተደረሰበት ግን በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ በቁስል እንክብካቤና በተመጣጠነ ምግብ ይቆማል።

ታማሚው ምን ያድርግ?

የሐኪሙ እውቀት የሚሠራው ታማሚው ሲያግዘው ነው። ወደ ጥርስ ሕክምና የሚሄድ ሰው የስኳር ሕመም፣ የደም አለመርጋት ችግር ወይም በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት ካለ አስቀድሞ ይናገር። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ የሕፃን መንጋጋ እብጠት ወይም ሽታ ያለው የድድ ቁስል ሲታይ ነቃይ ከመፈለግ ይልቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጤና ተቋም መሄድ ይገባል።