የአራዳው ጊዮርጊስ መስታወትና የአያቴ ዝክር

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለችው መንደራችን አያቴ ወር በገባ በ23 የጊዮርጊስን ዝክር ትዘክር ነበር። ድፎው ቀርቦ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ቄሱ ጸበል ጸዲቁን ሲባርኩ የአባቷን የክርስትና ስም ታስጠራለች። አባቷ ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ጋር አድዋ ዘምተው አልተመለሱም። «መቃብራቸውን ባላውቀው ስማቸውን አውቀዋለሁ» ትለኝ ነበር።

ለምን በ23 እንደሆነ የገባኝ አዲስ አበባ መጥቼ አራዳ ጊዮርጊስን የተሳለምኩ ዕለት ነው። የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ታቦቱም አብሮ ዘምቶ እንደነበር ይነገራል። ስምንት ማዕዘን ያለው ካቴድራሉ የዚያ ድል መታሰቢያ ነው። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላ ታደሰ። የመስታወት ሥዕሎቹ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እጅ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ሥዕል የሠሩትም እሳቸው ናቸው።

ከቅጥሩ ሆኜ ሳየው መስኮቱ ጠቁሮ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ግን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ፈነጠቀብኝ። በገጠር ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል የማውቀው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ በጧፍ ብርሃን ነው፤ እዚህ ጧፉ ፀሐይ ሆነች።

በመስታወት ሥዕል ጥበብ መስታወቱ ሲቀልጥ ማዕድን ይጨመርበታል፤ ኮባልት ሰማያዊ፣ ወርቅ ቀይ ያወጣል። ፊትና የልብስ እጥፋት በጥቁር ቀለም ተስሎ እንደገና እሳት ይገባል፤ ቁርጥራጩም በእርሳስ ይያያዛል። ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ስለሆነ ዘመን ይሻገራል።

እንግሊዞችም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየአጥቢያቸው የሞቱ ልጆቻቸውን በመስኮት አስበዋል። ብዙ ጊዜ የሚሣለው ያው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ከግርጌው የሟቾቹ ስም ይጻፋል።

የአራዳው መስታወት የአያቴን አባት ስም አልያዘም። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከቡሬ ምሽግ ሲለቅ፣ ከዚያም በፊት በአምስቱ ዓመት ዱር የወደቁትን የአገሬን ገበሬዎችም አልያዘም። ሁሉን ሊይዝ የሚችል መስኮትም የለም። እነሱን የምትይዘው ስማቸውን የምታስጠራ ልጅ ናት። እሷ ከዘነጋች ማን ያስታውሳል?

አያቴ ካረፈች ቆየች። ዝክሩ ወደ እኔ ቤት መጥቷል። በ23 ጠላው ሲቀዳ መጀመሪያ የአባቷን፣ ቀጥሎ የእሷን ስም አስጠራለሁ። ልጆቼ ሁለቱንም ስም በቃላቸው ይዘዋል።