በረኛው ለምን አይጠልዛትም? የቅብብል ጨዋታ፣ ዋልያዎቹ እና የድሬ ሜዳ

ድሬዳዋ ስታዲየም ገብታችሁ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ያያችሁ ሰዎች ይህን ጩኸት ታውቁታላችሁ። በረኛው ኳሷን እግሩ ሥር አቁሞ አጠገቡ ላለው ተከላካይ ሊያቀብል ሲል፣ አንዱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «አቦ ጠልዛት!» ይላል። ኳሷ ተነጥቃ ጎል ከሆነች ደግሞ ማታውኑ የ10 ሰከንድ ቪዲዮ ሆና ስልካችሁ ላይ ትመጣለች። ከሥሯ ያለው ኮሜንትም ያው የለመድነው ነው፦ «እኛ ባርሴሎና ነን እንዴ?»

ጥያቄው የቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለው። አሰልጣኞች አደጋውን እያዩ ለምን ይህን አጨዋወት ይመርጣሉ? ፋሽን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። እስቲ ከሒሳቡ እንጀምር።

አንድ ቡድን 11 ሰው አለው። በረኛው በእግሩ መጫወት የማይችል ከሆነ ግን ኳስ ስትመሠረት ጨዋታው 10 ለ10 ነው። በረኛው ማቀበል ከቻለ 11 ለ10 ይሆናል፤ ምክንያቱም የተጋጣሚው በረኛ የራሱን ጎል ጥሎ መጥቶ አይጫንም። ይህ ማለት ሜዳው ላይ የሆነ ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነፃ ሰው አለ ማለት ነው። ከኋላ መስርቶ የመውጣት ሚስጥሩ ያንን ሰው መፈለግ ነው፣ በቃ።

ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ኳስ ሲይዙ አንድ አጥቂ ቢመጣባቸው ሁለት ለአንድ ናቸው። ሁለተኛ አጥቂ ሲጨመር በረኛው ይገባና ሦስት ለሁለት ይሆናሉ። ሦስተኛው ከመሀል ሜዳ ሮጦ ከመጣ ደግሞ፣ እሱ ጥሎት የመጣው አማካይ አሁን ብቻውን ቆሟል። ተከላካዩ አንዳንዴ ኳሷን ረግጦ ዝም ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። ፈርቶ ወይም ተዘናግቶ ሳይሆን ባላጋራው እንዲመጣለት እየጠበቀ ነው። ከጠለዛት ግን ኳሷ አየር ላይ ዕጣ ትሆናለች። የተጋጣሚ ተከላካዮች ረጃጅም ከሆኑ ዕጣው ለማን እንደሚወጣ መገመት አያቅትም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ያበዛው ግን የሕግ ለውጥ ነው። እስከ 1992 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ተከላካይ ሲጨንቀው ለበረኛው ይመልስና በረኛው በእጁ ይይዛት ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ ተቀየረ፤ የቡድን ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛው በእጁ መንካት ተከለከለ። የበረኛ እግር የሥራ መሣሪያ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2019 ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ፦ የመልስ ምት ሲመታ ኳሷ ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ እስክትወጣ መጠበቅ ቀረ። ተከላካዩ እዚያው ክልሉ ውስጥ፣ ከበረኛው ጎን ቆሞ መቀበል ቻለ። ዛሬ ከአውሮፓ እስከ ኢትዮጵያ ሊግ የምናየው የጎል አፍ ቅብብል ብዙው ከዚህች አንቀጽ በኋላ የመጣ ነው።

ሕግ ጨዋታን ምን ያህል እንደሚቀይር በደንብ የሚያሳየን ግን እዚህ ብዙ ሰው የማይከታተለው ስፖርት ነው፦ የአሜሪካን ፉትቦል። ሄልሜት አድርገው ሲላተሙ ቲክቶክ ላይ የምታዩት ማለታችን ነው። እዚያ ኳሷ በእጅ ነው የምትቀበለው። ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው በ1906 ቢሆንም፣ ለረጅም ዘመን ዋናው ሥራ ኳሷን ታቅፎ መሮጥና መጋፋት ነበር። በ1978 ሊጋቸው ኤንኤፍኤል ሁለት ነገር ቀየረ። ተከላካዩ ኳስ ሊቀበል የሚሮጠውን ሰው ከ5 ያርድ (4 ሜትር ተኩል ገደማ) በኋላ እንዳይገፋው ተከለከለ። ወርዋሪውን ከፊት ሆነው የሚጠብቁት ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው መከላከል ተፈቀደላቸው።

ውጤቱን ተመልከቱ። በ1984 የማያሚው ዳን ማሪኖ በአንድ ሲዝን 5,084 ያርድ አቀበለ፤ ከ4 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ማለት ነው። ጉድ ተባለ። ከእሱ ቀጥሎ 5,000 ያለፈው ሰው የተገኘው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነው፤ ድሩ ብሪስ። በመሀል በ2004 ዳኞች የ5 ያርዱን ሕግ ጠበቅ አድርገው እንዲያስፈጽሙ ታዘው ነበር። ከዚያ በ2011 በአንድ ሲዝን ብቻ ሦስት ሰዎች 5,000 አለፉ። የአሜሪካ ልጆች በአንዴ ጎበዝ ሆነው አይመስለንም። የሚቀበለው ሰው ጥበቃ አገኘ፣ የሚያቀብለው ሰው ጊዜ አገኘ፣ ቅብብሉም በዛ።

ጊዜ የምትለዋን ቃል ያዟት፣ ወደ እኛ ሜዳ ስንመጣ ታስፈልገናለች።

እኛ ጋ ቅብብል ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ኢትዮጵያ ቡናን ነው። ክለቡ በ2003 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በኋላ ደግሞ የቀድሞ ተጫዋቹ ካሳዬ አራጌ ከአሜሪካ ተመልሶ ቡድኑን ሲይዝ፣ ከበረኛ ጀምሮ በአጭር ቅብብል መውጣት የማይነካ መመሪያ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ቡና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ አቡበከር ናስርም በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አገባ። ልጁ በኋላ የደቡብ አፍሪካውን ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተቀላቀለ። ያ የውድድር ዓመት በቴሌቪዥን መተላለፍ የጀመረበት፣ ጨዋታዎቹም ከከተማ ከተማ እየዞሩ ድሬዳዋም የደረሱበት ነው። ብዙዎቻችን ይህን አጨዋወት በዓይናችን ያየነው ያኔ ነው።

ውበቱም በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ተመሳሳይ ነገር ሞከረ። ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካር 4 ለ 0 ተሸነፈች፣ ዋልያዎቹም ከ8 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። ካሜሩን ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከኬፕ ቨርዴ ጋር ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ፣ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከአዘጋጇ ጋር ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አግብቶ አገር ጨፈረ፤ እስከ እረፍት 1 ለ 1 ነበርን፣ ከእረፍት በኋላ ሦስት ገባብን። ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጣን።

ከዚያ ሰኔ 2 ቀን 2014 መጣ። ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። ሳላህ ባይኖርም፣ ከጥቂት ወራት በፊት የአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ የተጫወተችውን ግብፅን ዋልያዎቹ 2 ለ 0 አሸነፉ። ዳዋ እና ሽመልስ በቀለ፣ ሁለቱም ከእረፍት በፊት። የዚያን ቀን ማንም «ጠልዛት» ያለ አልነበረም።

ፍቅሩ አልቆየም። በ2015 አልጄሪያ ላይ በተደረገው ቻን በ3 ጨዋታ 1 ጎል ብቻ ተገኘ፤ ከጊኒ ጋር ሁለቱንም ከተሸነፍን በኋላ ውበቱም ተሰናበተ። «ቅብብሉ ነው የገደለን» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ።

እኛ ክርክሩን ለሁለት እንከፍለዋለን። ቅብብሉ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ነበር የሚለው ወቀሳ እውነት አለው። ነፃውን ሰው ካገኛችሁት በኋላ መስመር ሰብሮ የሚገባ ኳስ ካልተከተለ፣ መቶ ጊዜ ብትቀባበሉ ባላጋራ ተመልሶ ቦታውን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። «አጭር ስለሆንን በመሬት እንጫወት» ወይም «ቅብብል በደማችን ነው» የሚለው ግን አያሳምነንም። በደማችን ቢሆን ኖሮ የሚጫነን ቡድን ሲመጣ አይጠፋብንም ነበር።

አሁን ወደዚያች «ጊዜ» ወደምትለው ቃል እንመለስ። በፍጥነት የሚሮጥ አጥቂ በ1 ሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሜዳው ለስላሳ ከሆነ ተከላካዩ ኳሷን በአንድ ንክኪ አቁሞ ቀና ይላል፣ ሰው ያያል፣ ያቀብላል። ሜዳው ጎርባጣ ከሆነ ኳሷ ትነጥራለች፣ ሁለተኛ ንክኪ ትፈልጋለች፣ ዓይኑም መሬት ላይ ይቀራል። ግማሽ ሰከንድ ጠፋ እንበል። አጥቂው 3 ሜትር ተኩል ቀርቧል። አሁን ያ ነፃ የነበረው ሰው አይታይም፣ ሒሳቡ ሁሉ ፈረሰ። አሜሪካኖቹ ለአቀባዩ ጊዜን በሕግ ገዙለት፤ ለኛ ተጫዋች ያንን ጊዜ ሊሰጠው የሚችለው ሜዳውና የልጅነት ስልጠናው ነው።

ግብፅን ያሸነፍንበት «የሜዳችን» ጨዋታ ማላዊ የተደረገው ለምንድነው? በካፍ መስፈርት የሚያልፍ ስታዲየም አገር ውስጥ ስላልነበረን ነው። ከዚያ በፊት ከጋና ጋርም «ሜዳችን» ጆሃንስበርግ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ይህ ነገር የበለጠ ይቆጫል፤ በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ አንዱ ምድብ እዚህ ነበር። ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሱዳንና ሞሮኮ ድሬ መጥተው ተጫውተዋል፣ ዋንጫውንም የወሰደችው ሞሮኮ ናት። ከዚያም በፊት የጥጥ ፋብሪካው ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነበት ዘመን ነበር።

የዛሬ የድሬ ልጅ ኳስን የሚለምደው የደቻቱ አሸዋ ላይ ወይም የሰፈር ጠጠር ላይ ነው። አሸዋ ላይ ኳስ አትንከባለልም፣ ትቆማለች። ልጁ ብልጥ ስለሆነ የሚያዋጣውን ይለምዳል፦ ኳሷን እግሩ ላይ አጣብቆ ሰው ማለፍ ወይም አንስቶ መምታት። በ17 ዓመቱ ክለብ ሲገባ «ከኋላ መስርት» ይባላል። አንድ ቀን ይሳሳታል፣ ቪዲዮው ይዞራል፣ ከሳምንት በኋላ አሰልጣኙ ራሱ ኳሷን እንዲጠልዝ ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ጥቂት ተከታታይ ሽንፈት እንጀራውን ያሳጣዋል። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ለመልመድ ወራት ሲፈልግ ያን ያህል የሚታገስ የክለብ አመራር ስንቱ ነው?

ሁሉም ቡድን መቀባበል አለበት እያልን አይደለም። ሜዳው እንቢ ካለ፣ አጥቂው ረጅምና ጠንካራ ከሆነ፣ መጠለዝም ዕቅድ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛዋን ኳስ ለመልቀም ሰው ከተዘጋጀ ማለት ነው።

ቀጣይ ስታዲየም ስትገቡ ወይም በስልክ ስታዩ አንድ ነገር ሞክሩ። በረኛው ኳስ ሲይዝ በረኛውን አትዩት። ከተከላካዮቹ ፊት ያለውን አማካይ እዩት፤ ኳሷ ሳትመጣለት አንገቱን አዙሮ ከኋላው ያለውን ያያል ወይስ አያይም? ስንት ጊዜ እንዳየ ቁጠሩና ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ከነቡድኑ ስም።