የተሸሸገ መዝገብ፣ የተደፈረ ፍርድ ቤት

የዕድር ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ለአባላቱ አላሳይም ቢል አደራ በላ መባሉ አይቀርም። መንግሥት ራሱ እንዲህ ሲያደርግስ? የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1887 በወጣው ሕግ የነባሮቹ መሬት ለየግለሰቡ ተሸንሽኖ በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ዋለ። ከግጦሽ፣ ከእንጨትና ከነዳጅ ዘይት የሚገኘውን ገቢ እየሰበሰበ ለባለመብቶቹ የሚያከፋፍለውም መንግሥት ሆነ። ይሁን እንጂ ሒሳቡ በቅጡ ሳይያዝ ትውልድ አለፈ።

የብላክፊት ነገድ ገንዘብ ያዥ የነበሩት ወይዘሮ ኤሎይስ ኮቤል እ.ኤ.አ. በ1996 ከሌሎች ባለመብቶች ጋር ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቱ የሒሳብ ሰነዶቹ እንዲቀርቡ ቢያዝም፣ መሬቱን የሚያስተዳድረው የአገር ውስጥ ሚኒስቴርና የገንዘብ ሚኒስቴር ትእዛዙን ሳይፈጽሙ ቀሩ። በመሆኑም ዳኛ ሮይስ ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለቱ ሚኒስትሮች፣ ብሩስ ባቢትና ሮበርት ሩቢን፣ ፍርድ ቤት ደፍረዋል ሲሉ ወሰኑ። ሙግቱም ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2009 በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

እንግዲህ ሰነድ የሚሸሽግ መሥሪያ ቤት የሚደፍረው ዳኛውን ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው የተቀማው ባለመብትም አብሮ ይደፈራል። ሕግ ሕግ የሚሆነው ትእዛዙ ለባለሥልጣኑም እንደ ተራው ሰው ሲጸና ነውና!