ስንቅና አማና

ዛሬ የምንነጋገረው ሠራዊት ረጅም መንገድ ሲዘምት ስንቁ እንዴት እንደሚደርሰው ነው። ነገሩ የወታደር ብቻ ይመስላል፤ የየቤታችንም ነው።

ስንቅ ራሱ ስንቅ ይበላል። እህል የጫነች በቅሎ ገብስ ትፈልጋለች፤ ነዳጅ የሚያደርሰው መኪናም ነዳጅ ያቃጥላል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ለወታደሩ የሚደርሰው ያንሳል።

በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ወቅቱ ሐሩር፣ ሰዉም የተቸገረ ነበር። ተቡክ ከመዲና 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሌላ ዘመቻ መድረሻቸውን በግልጽ የማይናገሩት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያን ጊዜ ግን ሰው በቂ ዝግጅት እንዲያደርግ አስቀድመው አሳወቁ። ዑስማን (ረ.ዐ) ግመሎችና ገንዘብ ሰጡ። መጓጓዣ ያጡ ድሆች እያለቀሱ መመለሳቸውን ሱረቱ ተውባ ይነግረናል።

ወደ ከተማችን እንምጣ። ድሬዳዋ ከ1895 ዓ.ም ጀምሮ በባቡር ያደገች ናት። በ1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦርነት ሲጀመር ድልድዮች ፈርሰው የጅቡቲው ባቡር ለወራት ቆመ። ነሐሴ 11 ቀን ከተማችን ተጠቃች፤ ጥቃቱ ግን ተመለሰ። የሶማሊያ ጦር መስከረም 1970 ጅጅጋን ቢይዝም፣ ካራማራን አልፎ ወደ ሐረር በተጠጋ መጠን የስንቅና የነዳጅ መንገዱ ረዘመበት። ኅዳር ላይ ከሶቭየት ኅብረት ጋር ሲቆራረጥ የመለዋወጫ ምንጩም ደረቀ። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ከሶቭየት ኅብረት መሣሪያ በአውሮፕላን ይጎርፍ ጀመር፤ ሄሊኮፕተሮችም ወታደሮችንና ተሽከርካሪዎችን ከተራራው ማዶ አሻገሩ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ተመለሰች።

ወገኖቻችን፤ ለጦሩ ስንቅ የሚያልፍበት መንገድ ለእናንተም ስኳርና ዱቄት የሚመጣበት ነው። ሲዘጋ ቀድሞ የሚጎዳው ጓዳው የተራቆተ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ባለ ቀን እህል ደብቆ ዋጋ እስኪወደድ መጠበቅ (ኢሕቲካር) በሸሪዓችን የተከለከለ ነው፤ ነጋዴው የያዘው እህል የጎረቤቱ አማናም ነውና። እናቶችም ድስት ስትጥዱ ተፈናቅሎ የመጣውን አትርሱ። ዑስማን (ረ.ዐ) ሀብታቸውን ያወጡት ገበያው በሞላበት ቀን ሳይሆን ሰው በተቸገረበት ቀን ነበር።

አላህ ሀገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ከጓዳችንም በረካ አያሳጣን። አሚን።