አረር ሲመረጥ፦ ወረቀት የሚበሳ ሁሉ አውሬ አይጥልም

ውድ አንባቢ፤ ሽማግሌዎች ስለ ውጅግራ ሲያወጉ ሳይሰሙ አልቀሩም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የተሠራውና በኋላም በአድዋ ጦርነት በብዙ ኢትዮጵያውያን እጅ የነበረው ይህ ጠብመንጃ፣ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ግራም ክብደት ያለው፣ ጫፉ ዱልዱም የሆነ እርሳስ ነበር። ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ አገር አጋዘን የሚያድን ሰው የሚተኩሰው አረር ክብደቱ ከዚያ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ፍጥነቱ ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ጫፉም እንደ እርሳስ ብዕር የሾለ ነው።

በዚያ አገር ብዙ አዳኞች ጥይታቸውን ከሱቅ ገዝተው ብቻ አይረኩም፤ ማታ ማታ በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ራሳቸው ያዘጋጁታል። የተተኮሰውን የናስ ቀለህ ይጠርጋሉ፤ በመሣሪያ ጨምቀው ወደ ቀድሞ ልኩ ይመልሱታል፤ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ ኩባያ ከሥሩ ይተክላሉ፤ ባሩዱንም በሚዛን መዝነው ይጨምራሉ፤ በመጨረሻም አረሩን ከላይ ይገጥማሉ። የባሩዱ መጠን በፋብሪካው ሠንጠረዥ የተወሰነ ነው፤ ሠንጠረዡን የናቀ ሰው ጠብመንጃው በፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው ቢሉ፣ አንዱ ጥይት ከሌላው ጋር ፍጹም እንዲመሳሰልና አረሮቹ ሁሉ በአንድ ስፍራ እንዲያርፉ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ ስሕተት ይመጣል። አዳኙ በወረቀት ኢላማ ላይ ከሁሉ የበለጠ የተቀራረበ ቀዳዳ የሚያወጣለትን አረር ካገኘ በኋላ «እንግዲህ ለአደን የሚሆነው ይህ ነው» ይላል። እስቲ አብረን እናስላ። አንዱ አረር በ100 ሜትር ርቀት ቀዳዳዎቹን በ3 ሳንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሌላው በ2። በ300 ሜትር ላይ ይህ ወደ 9 እና ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኝበት ስፍራ ግን ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ስለዚህ በሁለቱ አረሮች መካከል ያለው የ3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ለእንስሳው ነገሩን የሚለውጥ አይደለም።

አሁን ደግሞ ነፋሱን ይመልከቱ። የአሜሪካ ጦር በ1906 ዓ.ም. የተቀበለውን፣ ዛሬም አዳኞች የሚወዱትን ‹.30-06› የተባለውን ጥይት እንውሰድ። 11.7 ግራም የሚመዝን ሹል አረር በሰከንድ 823 ሜትር ፍጥነት ቢተኮስ፣ ከጎን በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ300 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይገፋዋል። አረሩ ከአፈሙዙ መስመር ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ በ300 ሜትር 80 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በ400 ሜትር ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ርቀቱ ከታወቀ መውረዱ በመነጽሩ ይስተካከላል፤ ነፋሱን ግን አዳኙ በዓይኑ ገምቶ ብቻ ነው የሚያውቀው። ረዥምና ሹል አረር አየሩን በቀላሉ ስለሚሰነጥቅ ከዱልዱሙ ይልቅ ነፋስን ይቋቋማል። እንግዲህ ለሩቅ አደን የአረሩ ቅርጽ ከቀዳዳዎቹ መቀራረብ የበለጠ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ አረሩ ከደረሰ በኋላ የሚሆነው ነው። እርሳሱ ከፊት ገለጥ ያለ የአደን አረር ሥጋ ሲነካ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፤ ሰፊ ቁስል ስለሚያደርግም እንስሳው ሳይሰቃይ ቶሎ ይወድቃል። የኢላማ ውድድር አረር ግን የተሠራው ወረቀት እንዲበሳ ነው። በጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ስላለችው የሚከፈት ይመስላል፤ ይህች ቀዳዳ ግን መዳቡ ከኋላ ወደ ፊት ተስቦ እርሳሱን ሲያለብስ በጫፉ ላይ የምትቀር ናት እንጂ አረሩን ለመክፈት የታሰበች አይደለችም።

የሚያስገርመው፣ ይህን ነገር የጦር ሕግም መስክሮታል። በ1899 ዓ.ም. በዘ ሄግ የተፈረመው ቃል ኪዳን በሰው አካል ውስጥ የሚከፈት አረር በጦርነት ላይ እንዳይተኮስ ከለከለ። በ1990 ዓ.ም. የአሜሪካ ምድር ጦር የሕግ ክፍል ያንን ባለ ቀዳዳ የውድድር አረር መርምሮ፣ እንዲከፈት ተብሎ ስላልተሠራ ክልከላው አይነካውም ሲል ወሰነ። ለአደን ግን ሕጉ ተቃራኒ ነው፤ ለምሳሌ በኮሎራዶ ትልልቅ አውሬ በጠብመንጃ የሚያድን ሰው የሚከፈት አረር እንዲይዝ ይገደዳል። ለወታደር የተፈቀደበት ምክንያት፣ አዳኝ እንዳይመርጠው የሚያደርገው ምክንያት ራሱ ነው!

መከፈትም ቢሆን ልክ አለው። በ1946 ዓ.ም. ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር ሲያድን አረሮቹ ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ ቀሩ፤ ቆዳው ላይ ጭቃ ደርቆበት ነበርና ገና ከላይ እየተሰባበሩ ነበር። ኖስለር አገሩ ተመልሶ አዲስ አረር አሰበ፤ ይኸውም በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው ነው። የፊተኛው እርሳስ ይከፈታል፤ የኋለኛው ግን በግድግዳው ተጠብቆ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በ1948 ዓ.ም. ለገበያ ማቅረብ የጀመረው ይህ አረር እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል።

ሌላም ወሰን አለ። ብዙዎቹ የአደን አረሮች በደንብ እንዲከፈቱ በሰከንድ 550 ሜትር ያህል ፍጥነት ያሻቸዋል። ከላይ የጠቀስነው የ‹.30-06› አረር በባሕር ወለል ከፍታ ከ450 ሜትር ገደማ በኋላ ከዚህ ፍጥነት በታች ይወርዳል። ተኳሹ ከዚያም አልፎ ኢላማውን ሊመታ ይችል ይሆናል፤ አረሩ ግን ሳይከፈት አልፎ፣ የቆሰለው እንስሳ ጫካ ገብቶ ለቀናት ሊሰቃይ ይችላል።

በካሊፎርኒያ ከ2019 ዓ.ም. ወዲህ በእርሳስ ማደን ፈጽሞ የተከለከለ ስለሆነ፣ በዚያ ያሉ አዳኞች የመዳብ አረር ይይዛሉ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ ለእኩል ክብደት አረሩ መርዘም አለበት፤ የረዘመ አረር ደግሞ እንዳይገለበጥ በፍጥነት መሾር ይፈልጋል። ስለዚህ ብልህ አዳኝ አረሩን ከመግዛቱ በፊት የጠብመንጃው ቦይ ምን ያህል ጠምዛዛ መሆኑን ይጠይቃል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የምርጫው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ እንስሳው፣ ቀጥሎ ርቀቱ፣ ከዚያ አረሩ፣ በመጨረሻ የወረቀቱ ቀዳዳ። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ምናልባት እርስዎ ጠብመንጃ በእጅዎ ይዘው አያውቁም ይሆናል፤ ቢሆንም ነገሩ ለእርስዎም ባዕድ አይደለም። በትምህርት ቤት ሆነ በመሥሪያ ቤት ለመለካት የሚቀለውን ነገር ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ማሳሳት የተለመደ ነውና። የጥሩ አዳኝ ምልክት በሩቁ የሚመታ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ አረሩ ሥራውን የማይሠራበትን ርቀት አውቆ፣ አጋዘኑ በመነጽሩ ውስጥ ቆሞ እያየው፣ ጣቱን ከቃታው ላይ የሚያነሣ ነው።